በጎረቤታችን አፍ ስለምትናገረው እናቴ

ለተከበሩ የከተማችን የባህልና የሥነ ጥበብ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም ባለቤትዎም ልጆችዎም እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። ጉልበትዎንስ እንዴት አደረገዎት? ይህን ለወጉ ያህል የምጠይቅ እንዳይመስልዎት። በምረቃው ዕለት የሕንፃችንን የተሰነጠቀ ደረጃ ረግጠው ሲንገዳገዱና የብረቱን መደገፊያ ይዘው ሲተርፉ በዓይኔ ስላየሁ፣ ከዚያ ወዲህ ስለ ጉልበትዎ ሳላስብ የወጣሁበት የወረድኩበት ቀን የለም። እኛ ነዋሪዎቹ ለምደነዋል፤ እግራችን ራሱ ያውቀዋል። እርስዎ ግን እንግዳ ነዎት።

እኔ በዚያው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ የምኖር፣ ዕድሜዬ ሃምሳን የነካ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በአንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራሁ ሴት ነኝ። ወሬ ስለምወድ ደብዳቤው ቢረዝምብዎ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ በካርድ ክፍሉ መስኮት የሚመጣው ሰው ሁሉ ስሙን ተናግሮ ዝም ስለሚል፣ የቀረውን የምናገረው እኔ ነኝ። ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግሁትም እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። ሦስት ጊዜ በፖስታ አሽጌ የላክሁት ደብዳቤ የመዝገብ ቤታችሁ መሳቢያ ስለተመቸው ይሆናል፣ አልወጣ አለ። ሳይታሸግ ቢሄድ ምናልባት አየር ነክቶት ይንቀሳቀስ ይሆናል ብዬ ነው።

ዋናው ነገር ደስታዬ ነው። ክቡር ሆይ፣ በጣም ደስ ብሎኛል። የምወጣበት የምወርድበት ደረጃ የጥበብ ሥራ ሆኖልኛል። ከሥራ ሲመለስ የሽንኩርት ፌስታሉን አንጠልጥሎ በጥበብ ሥራ መሐል አልፎ ቤቱ የሚገባ ስንት ሰው አለ?

ይህንን ለሚያነቡ ሌሎች ሰዎች ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ፤ ባጭሩ ማለቴ እኔ በምችለው መጠን ነው። ጽሕፈት ቤትዎ ከአንዲት አርቲስት ጋር ሆኖ፣ እዚያው ቦታ ላይ ካልሆነ በቀር ሌላ ቦታ ሊታይ የማይችል የሚዲያ ጥበብ በሕንፃችን ውስጥ ሠርቷል። ከሁለተኛው ፎቅ ወደ ሦስተኛው ሲወጣ ሦስተኛው ደረጃ ስንጥቅ ነው። ከስንጥቁ ሥር ስስ መሣሪያ ተቀብሯል። ሰው ሲረግጠው ደረጃው ይነቃነቃል፣ መሣሪያው ይነቃል፣ ፕሮጀክተሩ ግድግዳው ላይ በር የሚያክል የሴት ፊት ያበራል፣ ማረፊያው ላይ ከተሰቀለው ሣጥን ደግሞ ለአሥራ አንድ ሰኮንድ የሴት ድምፅ ይሰማል። የሥራው ስም «የሚያስታውስ ደረጃ» ነው። ሰሌዳው ላይ «ቦታን፣ ትዝታንና ማንነትን የሚመረምር» ተብሎ ተጽፏል። ፊቱ የፊት ለፊት ጎረቤታችን ፊት ነው። ድምፁ የእናቴ ነው።

ምስጋናዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ፦ ስለ ስንጥቁ አመሰግናለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይጠገንልን ብለን ለቤቶች አስተዳደር ስንጽፍ፣ መጥቶ ጎንበስ ብሎ ያየው አንድ ሰው አልነበረም። እርስዎ ግን በአንድ ወር ውስጥ ሁለት መሐንዲስ፣ አንድ ፎቶ አንሺና አንድ ገጣሚ ይዘው መጡና ሁላችሁም ጎንበስ ብላችሁ አያችሁት። ገጣሚው እንባ አቅርሮ ነበር። በመጨረሻም «ስንጥቁ የቦታው ትዝታ አካል ስለሆነ መጠገን ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ተሰቀለልን። አሁን ቢያንስ የማይጠገንበትን ምክንያት አውቀን ነው የምንወድቀው፤ ድሮ እንዲያው በከንቱ ነበር።

2ኛ፦ ስለ ቀረጻው አመሰግናለሁ። አርቲስቷ ጨዋ ልጅ ናት፤ እሷን አንድም ክፉ አልላትም። ሠዓሊ ትመጣለች ተብለን ቀለምና ብሩሽ ስንጠብቅ፣ ሽቦና ካሜራ ተሸክማ በየበሩ እያንኳኳች ስለ ሕንፃው የምታስታውሱትን ንገሩኝ አለች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያሉት ትልልቅ ሴቶች ሁለት ነበሩ። አንዷ እናቴ ናት። ሌላዋ ከእኛ ፊት ለፊት ያለችው፣ ሕንፃው ሁሉ ሳጅን እያለ የሚጠራት ጎረቤታችን ናት፤ ፖሊስ ሆና አታውቅም፣ ግን ማን ስንት ሰዓት እንደገባ ከእሷ የሚሰወር ነገር የለም። እነዚህ ሁለት ሴቶች በልብስ ማስጫ ገመድ ተጣልተው አሥራ አንድ ዓመት ተዘጋግተዋል። በሮቻቸው ፊት ለፊት ስለሆኑ፣ አንዷ ስትወጣ ሌላዋ በሯን ድምፅ እያሰማች ትዘጋለች፤ ሰላምታቸው ያ ነበር።

እናቴ ፀጉሬን ሳልሠራ ማንም አያየኝም፣ ድምፄን ውሰጂ፣ እሱ አልተጎሳቆለም አለቻት። ሳጅን ደግሞ ፊቴን አንሺ፣ ቃሌን ግን አልሰጥሽም፣ ቃል የምሰጠው ፖሊስ ጣቢያ ስጠራ ነው አለቻት። አርቲስቷም ሁለቱንም እሺ ብላ፣ በአንዱ ፋይል ላይ «የሦስተኛ ፎቅ እናት፣ ምስል» በሌላው ላይ «የሦስተኛ ፎቅ እናት፣ ድምፅ» ብላ ጽፋ ለኮሚቴዎ አስረከበች። ኮሚቴዎ ፊት የሌለው ድምፅና ድምፅ የሌለው ፊት ባንድ ስም ቢያገኝ ጊዜ፣ ፈጣሪ ያገናኛቸው መስሎት አጋባቸው። በካርድ ክፍላችን እንዲህ ያለ ነገር ቢፈጠር የአንዷን የደም ግፊት መድኃኒት የምትውጠው ሌላይቱ ናት። እኛ ግን ተራ ሠራተኞች ስለሆንን ሁለት ሰው አንድ ካርድ ላይ ስናገኝ እንደነግጣለን፤ ጥበብ መሆኑን አናውቅም።

ከቀረጻው በኋላ በሰባተኛው ሳምንት እናቴ አረፈች። ሳንባዋ ነበር። በዚህ እርስዎን የምወቅስበት ነገር የለም።

3ኛ፦ ስለ ምረቃው ዕለት። እኔ ከኋላ ነበርኩ፤ ከፊት ወንበሮቹ ላይ የተለጠፉት ስሞች የነዋሪዎች አልነበሩም። እርስዎ ስለ ትዝታ ሃያ አምስት ደቂቃ ተናግረው ሲያበቁ ሥራውን በይፋ ለመክፈት ወደ ደረጃው ወጡ፣ ረገጡት፣ ተንገዳገዱ። ግድግዳው ላይ የሳጅን ፊት በራ፤ ከሣጥኑ እናቴ እንዲህ ስትል ሰማሁ፦ «ገመዱን ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ እሷ የምታውቀው ማስጣት ብቻ ነው። በይ፣ ቀስ ብለሽ ውረጂ የኔ ልጅ፣ እሱ ደረጃ ይከዳል።»

ክቡር ሆይ፣ እናቴ በሕይወቷ የመንግሥት ሹምን «አንቺ» ብላ አታውቅም፤ በእሷ ፈንታ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ንግግሩ አርቲስቷ ዕቃዋን ተሸክማ ስትወርድ እናቴ ለእሷ የተናገረችው ነው። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ሳጅን ደግሞ ከአጠገቤ ሆና በር የሚያክለውን የገዛ ፊቷን ስታይ ከቆየች በኋላ፣ «አሥራ አንድ ዓመት ዘግታኝ ስታበቃ፣ አሁን በገዛ አፌ ትሰድበኛለች!» ብላ ጮኸች። ጋዜጠኞቹ የሥራው አካል መስሏቸው ለእሷም አጨበጨቡላት።

እኔ አላጨበጨብኩም፤ እጄን ምን እንዳደረግሁት አላስታውስም።

እዚህ ላይ የደብዳቤዬን ጉዳይ ልናገር። የእናቴ ፎቶ አለኝ፤ መታወቂያዋ አለኝ፤ የራጅ ፊልሟ እንኳ ቁም ሳጥን ላይ አለ። ድምፅዋ ግን የለኝም። አብረን እየኖርን መቅዳት ማን ያስባል? እኔ ቤት ውስጥ ስናገር እሷ እየሰማች ነው ሃምሳ ዓመት የኖርነው። የተናገረችው ተቀድቶ የሚገኘው እነዚያ አሥራ አንድ ሰኮንዶች ብቻ ናቸው፤ እነሱም ያሉት እናንተ ዘንድ ነው። የምለምነው ቅጂ አንድ ነው። ሌላ ምንም አልፈልግም።

እስከዚያው ለመስማት ስፈልግ ማድረግ ያለብኝን ያውቁታል። እናቴ ከተሰነጠቀ ጀምሮ አትርገጪው ስትለኝ የኖረችውን ደረጃ ሆን ብዬ መርገጥ አለብኝ። እረግጠዋለሁ፤ እሷም ትቆጣኛለች። ማስጠንቀቂያው የሚመጣው ከረገጡት በኋላ መሆኑ የአሠራር ጉድለት ነው የሚሉ ጎረቤቶች አሉ፤ እኔ አልልም። «የኔ ልጅ» ያለችው አርቲስቷን እንጂ እኔን አለመሆኑንም አውቃለሁ። እያወቅሁ ነው የምረግጠው።

4ኛ፦ ስለ ጥበቃው አመሰግናለሁ። ማረፊያው ላይ «መቅዳትም ፎቶ ማንሳትም ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ለጥፋችሁ አንድ ጡረተኛ ጥበቃ መድባችኋል። ጋሼ ጥበቃ ደግ ሰው ናቸው። ስልኬን ከቦርሳዬ ሳወጣ ሲያዩ፣ «እኔ ዛሬ አንገቴን አሞኛል፣ ወደዚህ በኩል መዞር አልችልም» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩልኛል። አሥራ አራት ጊዜ ቀዳሁ። አሥራ አራቱም አይሆኑም። ለምን አይሉኝም? እናቴ «ይከዳል» ከማለቷ፣ ገና ሳትጨርስ፣ የእኔ ድምፅ «እሺ እማዬ» ብሎ ይገባበታል። ሳላስበው ነው የሚወጣው። አንድ ጊዜ አፌን በሻርፕ ይዤ ሞከርኩ፤ «እሺ» የሚለው በሻርፑ ውስጥ ተሰማ። ሰው አሥራ አንድ ሰኮንድ ዝም ማለት ያቅተዋል? እኔን አቃተኝ። ጋሼ ጥበቃም አሥራ አራተኛው ላይ አንገታቸው ዳነና፣ «በቃ ልጄ፣ ጽሕፈት ቤቱ ሄደሽ ጠይቂ፣ ጨዋ ሰዎች ናቸው» አሉኝ።

5ኛ፦ ስለዚህ ስለ ጨዋነታችሁ አመሰግናለሁ። አራት ቀን ፈቃድ ወስጄ አራት ጊዜ መጣሁ። ጉዳይ ፈጻሚዋ ወንበር ሰጠችኝ፣ ቅጽ ሰጠችኝ፣ እስክሪብቶም አዋሰችኝ። ቅጹ የድምፁ ባለቤት በአካል ቀርቦ እንዲፈርም ያዛል። ባለቤቷ አርፋለች ስላት ከልቧ አዘነች፤ ነፍስ ይማር አለችኝ። ከዚያ ቅጹን አገላብጣ አየችና፣ «እንግዲያው የሚመቻቸው ቀን ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ቢሆን ጥሩ ነው» አለች። ልጅቷ ክፉ አይደለችም። እኔም ሃያ ስድስት ዓመት መስኮት ላይ ስቀመጥ ስንቱን እንዲህ እንዳልኩት ቆጥሬ አላውቅም።

ደግሞም መዝገባችሁ ውስጥ የድምፁ ባለቤት ተብላ የተጻፈችው ሳጅን ናት።

ክቡር ሆይ፣ ስለ ሳጅን አንድ ነገር ካልነገርኩዎ አይገባዎትም። ከምረቃው ማግስት ጀምሮ ከሰዓት በኋላ በርጩማዋን ይዛ ትወርዳለች። ደረጃውን በአንድ እግሯ ትረግጣለች፣ እናቴ ትናገራለች፣ ሳጅን ትመልስላታለች። «ውሸታም! ገመዱን ያሰረው ባሌ ነው፤ አንቺ ወንበሩን ነው የያዝሽለት!» ደግሞ ትረግጣለች። ደግሞ ትመልሳለች። የገዛ ፊቷን በጣቷ እየጠቆመች ስትሳደብ ያያት ጎብኚ ሁሉ ትኬት የት ነው የሚቆረጠው ይላል። ሁለት ሳምንት እንዲህ ከሆነች በኋላ፣ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እርግጥ ወንበሩን ባትይዢለት ኖሮ ይወድቅ ነበር» ስትላት ደረስኩ። አይታኝ አፈረች። ከዚያ በርጩማዋን አነሳችና፣ «ነይ ልጄ፣ እኔ እፈርምልሻለሁ። ፊቴ እንደሆነ እዚያ ተሰቅሏል፣ ማን ይጠይቀኛል?» አለችኝ።

ሐሙስ አብረን መጣን። ጉዳይ ፈጻሚዋ ሳጅንን ስታይ ከወንበሯ ብድግ አለች፤ እንደ ዝነኛ ሰው ነው የተቀበለቻት። ፊቷን ከመዝገቡ ጋር አስተያየችና ትክክል ነዎት አለቻት። ከዚያ፣ ለማረጋገጥ ያህል ብቻ፣ ቃሉን አንድ ጊዜ ይበሉልኝ ብላ ጠየቀቻት። ሳጅን በሕይወቷ ሹክ ብላ አታውቅም። ቀጥ ብላ ቆመች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ አሥራ አንዱን ሰኮንድ በአራት ሰኮንድ ውስጥ ጮኸችው። በሚቀጥለው ክፍል የነበረው ስብሰባ ተቋረጠ። ጉዳይ ፈጻሚዋ የጆሮ ማዳመጫ አድርጋ ኮምፒዩተሯ ላይ ያለውን አዳመጠች፤ እኔም ከጠረጴዛው ማዶ ሆኜ፣ ከማዳመጫው ጠርዝ፣ እንደ ትንኝ በቀጠነ ድምፅ፣ እናቴ ስትናገር ሰማኋት። ክንዴን ብዘረጋ እደርስባት ነበር። ልጅቷ ማዳመጫውን አውልቃ «ፊት ይመሳሰላል፤ ድምፅ አይመሳሰልም» ብላ ጻፈች። ሳጅን ስትወጣ በሩን ከኋላዋ ድምፅ እያሰማች ዘጋችው። በመንገድ ላይ ግን ክንዴን ይዛ፣ «እንደሷ አለስልሼ ልለው ነበር፣ አፌ እምቢ አለኝ» አለች። አሥራ አንድ ዓመት እናቴን ስትሰማት የኖረች ሴት ናት፤ በግድግዳ በኩል።

6ኛ፦ በመጨረሻም ለቅጹ ስለተሰጠኝ የጽሑፍ መልስ አመሰግናለሁ። ፊርማዎ ያረፈበት ነው። «ድምፁ ባለቤቱ ያልታወቀ በመሆኑ የቦታው ድምፅ ሆኖ ተመዝግቧል። ሥራው ከቦታው ተነጥሎ ትርጉም ስለሌለው ቅጂ መስጠት አይቻልም። የማሳያው ጊዜ በዚህ ወር መጨረሻ ሲያበቃ ቅጂዎቹ ይሰረዛሉ» ይላል። ሰባት ጊዜ አነበብኩት። ቋንቋው ያምራል። ማንነትን የሚመረምር ሥራ እንዲህ ተመርምሮ፣ ተመርምሮ፣ እናቴን ማንነቷ ያልታወቀ ካደረጋት፣ ምርመራው ጥልቅ ነበር ማለት ነው።

ልከራከርዎት አልችልም። ሕጉን አላውቀውም፤ ጠበቃም የለኝም፤ የያዝኩት ይህን ወረቀት ብቻ ነው። እናቴ ከዚያ ቦታ ውጪ ትርጉም የላትም ላሉት፣ እኔ ከዚያ ቦታ ውጪ እናት የለኝም ከማለት በቀር መልስ አጣሁ፤ እሱ ደግሞ መልስ አይደለም፣ እናንተን መደገፍ ነው። የቀሩን አሥራ ስድስት ቀናት ናቸው። ከሥራ ስመለስ ሁለት ሁለት ጊዜ ብረግጥ ሠላሳ ሁለት ጊዜ እሰማታለሁ፤ መብራት ካልጠፋ። ቅዳሜና እሑድ ማሳያው ዝግ መሆኑን ረስቼ ነው የቆጠርኩት፤ እሱንም ይቅርታ።

ክቡር ሆይ፣ አንድ ቅጂ ቢሰጡኝ ሥራውን አላበላሽም። ቁም ሳጥኔ ውስጥ ከራጅ ፊልሟ ጎን አስቀምጣለሁ፤ ለማንም አላሰማም፤ ከሳጅን በስተቀር። ባይሰጡኝም ደስታዬ አይቀንስም፤ ደስተኛ መሆን ለምጃለሁ፣ ሌላ የማውቀውም ነገር የለም።

ውድ ጊዜዎን ስለወሰድኩ፣ መደገፊያውን ስለጨበጡበት እጅዎ፣ ስለ ንግግርዎ፣ ስለ ሰሌዳዎ፣ ስላዋሱኝም እስክሪብቶ (ተሳስቼ ይዤው ሄጄ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩበት እሱ ነው) ጥልቅ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ረጅም ዕድሜና ሙሉ ጤና፣ የማይከዳ ደረጃና ድምፅዎን አውቆ የሚለይ ልጅ እመኝልዎታለሁ።

ባለቤቱ ያልታወቀው ድምፅ ልጅ፣
የሦስተኛ ፎቅ ነዋሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህንን ጨርሼ ላስገባ ስወርድ ቴክኒሻኑ ማረፊያው ላይ ሽቦ ሲጠቀልል አገኘሁት። ጽሕፈት ቤቱ ስብሰባ ስላለበትና ድምፅ ማጉያ ስላጠረው ሥራው ቀኑ ሳይደርስ ይነሳ መባሉን ነገረኝ። ኮምፒዩተሩ ላይ ያለው ቅጂ ቦታ ስለጠበበ ባለፈው ሳምንት እንደተሰረዘ፣ የቀረው ሣጥኑ ውስጥ ያለው ብቻ እንደሆነም ሳልጠይቀው ነገረኝ፤ እሱም እንደኔ ወሬ ይወዳል። ሁለት እጁም ፕሮጀክተር ይዞ ስለነበር ሣጥኑን እኔ ተሸክሜ ወረድኩለት። በቁልፍ የተቆለፈ ነው፤ ክብደቱ የሁለት ዓመት ልጅ ያክላል። መኪናው ጋ ስደርስ ሾፌሩ ያለ ሰነድ ዕቃ አልቀበልም ስላለ፣ ንብረቱን ከቦታው ያስረከበ ሰው መፈረም ነበረበትና እኔ ፈረምኩ። «አስረካቢ» በሚለው ላይ ስሜ እስከ አባቴ ድረስ በግልጽ ተጽፏል። «ተረካቢ» የሚለውን ኃላፊው ሲመለሱ ይፈርሙበታል ብሎ ባዶውን ይዞት ሄደ።